ስኳር ያለባቸው ሁለት ድመቶችን በአንድ ቤት ማስታመም

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከዋናው አስፋልት ጀርባ ነው። ቤቴ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና ናት። በዚህች ቤት ሦስት ድመቶች አሉ። ጋሼ የተኮላሸ ወፍራም ወንድ ነው። ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ የሚነሳለት ይመስል ነው የሚራመደው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ዳማ ቀጭንና ነገረኛ ናት። ሚጡ ትንሿ ናት። ጋሼና ዳማ ስኳር አለባቸው። ሚጡ ጤነኛ ናት፣ ግን የሁለቱንም ምግብ ትሰርቃለች።

"ድመት ደግሞ ስኳር ይይዛታል እንዴ?" የማይለኝ የለም። ይይዛታል። በሰው ላይ ሁለተኛው ዓይነት ከሚባለው ስኳር ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ግን አይጋባም። የኔዎቹን ሁለቱን የያዛቸው ለዓመታት ያንኑ ደረቅ ምግብ ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ እዚያው ሶፋ ላይ ተንጋለው ስለኖሩ ይመስለኛል። ውፍረት፣ እድሜ፣ ወንድ ሆኖ መኮላሸት፣ ለማሳከክ ተብሎ የሚሰጥ የኮርቲዞን መርፌ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋውን ይጨምራሉ።

አንዲት ድመት ኢንሱሊን (የደም ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት) መውጋት በሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። ሁለት ሲሆኑ መርፌው ሳይሆን ሒሳቡ ነው የሚያስቸግረው። ማን በላ? ማን ተወጋ? ያ ሁሉ ሽንት የማን ነው? ከዚህ በታች የጻፍኩት በአብዛኛው ድመቶቹን ላለማምታታት ነው።

አንደኛ፦ የትኛዋ እንደታመመች ለዩ

ምልክቱ ከሰው ብዙ አይለይም። ውሃ ታበዛለች፣ ሽንት ታበዛለች፣ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ጸጉሯ ይንጨባረራል። በሽታው ሲቆይ የኋላ እግሯ ይደክምና ተረከዟን መሬት አስነክታ ትሄዳለች።

ብዙ ድመት ባለበት ቤት ግን የውሃው ሳህን ቶሎ ማለቁን ታያላችሁ እንጂ ማን እንደጨረሰው አታዩም። እኔ የጠረጠርኩት ጋሼን ብቻ ነበር። ዳማ ቀጭን ስለሆነች ስኳር ደጇም አይደርስ መስሎኝ ነበር። መክሳቷ ራሱ ምልክት እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

መላው ቀላል ነው። ለአንድ ቀን ለያይታችሁ አሳድሯቸው፣ አንዷን መኝታ ቤት፣ አንዷን ሳሎን። ውሃውን በመለኪያ ቀድታችሁ ስጡ፣ በማግስቱ የተረፈውን ለኩ። ለእያንዳንዱ የክብደቷ ኪሎ በቀን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የምትጠጣ ድመት ሐኪም ይያት። 4 ኪሎ ከሆነች 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። የሽንቷም ነገር በዚያው ይታያል።

ሐኪም ዘንድ አንድ ነገር አስታውሱ። ድመት ስትፈራ ብቻ ስኳሯ ይወጣል። ታክሲ ውስጥ በካርቶን ተጨንቃ መጥታ፣ መጠበቂያው ላይ ውሻ ጮሆባት፣ ያኔ የተለካ ደም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሽንቷም ላይ ስኳር መኖሩ ይታይ። የሁለት ሳምንት ገደማ አማካይ የሚያሳየው ፍሩክቶሳሚን የሚባለው ምርመራ ከተገኘማ ሸጋ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ላምና በግ ስለሆነ፣ ድመት አዘውትሮ የሚያይ ሐኪም አፈላልጉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ የሚያስተምርበት ሆስፒታልም እዚያው ነው። መንገዱን ለሁለት ድመት አንዴ መሄድ ይሻላል፣ ግን በሁለት ካርቶን።

ሁለተኛ፦ ኢንሱሊኑና ስሪንጁ ይግጠሙ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ስህተቱ ሕይወት ያስከፍላል።

ሰው ፋርማሲ የሚሸጠው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው። ለእንስሳት የሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ 40 ዩኒት ናቸው። ስሪንጁም እንደዚያው ሁለት ዓይነት ነው። የ100ውን ኢንሱሊን በ40ው ስሪንጅ ከቀዳችሁ ድመቷ ሁለት እጥፍ ተኩል ትወስዳለች። ውጭ ያለ ዘመድ የእንስሳ ኢንሱሊን ልኮላችሁ፣ ለሌላዋ ደግሞ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ያ ቤት አንድ ቀን ይሳሳታል። ሐኪሙን ለምኑት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ኢንሱሊን ይውሰዱ።

ለድመት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኢንሱሊን ግላርጂን የሚባለው ነው፤ ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል። ኤንፒኤች የሚባለው በድመት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያልቃል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ መጠኑንም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ለአንድ ድመት በ1 ዩኒት አካባቢ፣ በቀን ሁለቴ ነው። ይህ ለስሪንጅ ምርጫችሁ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ስሪንጅ ብዙ ጊዜ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ናት። በእሱ 1 ዩኒት መቅዳት ግምት ነው። ባለ 0.3 ወይም ባለ 0.5 ሚሊ ሊትር ፈልጉ። ግማሽ ዩኒት የሚያሳይ ካገኛችሁ ደግሞ እንዳትለቁት።

ፋርማሲ ስትሄዱ ለሳቅ ተዘጋጁ። የኔን ማዘዣ የተቀበለችኝ ልጅ "ጋሼ፣ ዕድሜ 11፣ ክብደት 6 ኪሎ" የሚለውን አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። ሕፃን የታመመብኝ መስሏት ደንግጣለች።

አስቀማመጡ፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ፍሪጅ ውስጥ፤ ፍሪዘሩን ሳይነካ። በረዶ ሠርቶ ከቀለጠ ይጣል። መብራት ጠፋ ብላችሁ አትሸበሩ። የተከፈተ ግላርጂን ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ውጭ መቆየት ይችላል፣ የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ እዚህ ላይ ወዳጃችን ነው። ፍሪጁን ዘግታችሁ ተዉት። የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ብልቃጡ ላይ ለጥፉ። ኤንፒኤች ከሆነ ከመቅዳታችሁ በፊት በመዳፋችሁ መሐል ቀስ ብላችሁ አሹት፣ አትናጡት። ግላርጂን ማሸትም አያስፈልገው።

የአያታችሁን የስኳር ኪኒን ለድመት አትስጡ። ጎረቤት "ሽፈራው አፍልተሽ አጠጫት" ትላለች፤ እሺ ብዬ ሻዩን እኔው እጠጣዋለሁ። አሜሪካ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለድመት የተፈቀደ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ግን ኢንሱሊን ለወሰደች ድመት አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ሳህኑን ለዩ

ምግቡ ግማሽ ሕክምና ነው። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ደረቁ ምግብ ግን እህል ይበዛበታል። ሒሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ከማሸጊያው ላይ ፕሮቲን፣ ስብ፣ እርጥበት፣ አመድ (ማዕድኑ ማለት ነው) እና አሰር የሚሉትን ደምሩና ከ100 ቀንሱ። የቀረው ካርቦሃይድሬት ነው። ደረቁ ላይ ፕሮቲን 30፣ ስብ 10፣ እርጥበት 8፣ አመድ 8፣ አሰር 3 ካለ፣ የቀረው 41 ነው። የጣሳው ላይ ፕሮቲን 10፣ ስብ 5፣ እርጥበት 80፣ አመድ 2፣ አሰር 1 ቢሆን የቀረው 2 ነው። እርግጥ ጣሳው አብዛኛው ውሃ ነው፤ በካሎሪ ስታሰሉት ግን የመጀመሪያው ከ40 በመቶ ይበልጣል፣ ሁለተኛው 8 በመቶ ገደማ ነው። የሚፈለገው ከ12 በመቶ በታች ነው። ሶስ ያለበትን ተዉት፣ ሶሱ በዱቄት ነው የሚወፍረው።

የጣሳው ዋጋ ለሁለት ድመት ኪስ ያራቁታል። እኔ ግማሹን ጣሳ፣ ግማሹን የተቀቀለ ሥጋ አደርጋለሁ። ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ልብ፤ ልብ ለድመት አስፈላጊ የሆነው ታውሪን አለው። ጉበት ትንሽ፣ ሁልጊዜ አይደለም። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚጎድለው ሙሉ ምግብ አይሆንም፣ ለዚያ ነው ጣሳውን ጨርሼ የማልተወው። የወጥ ትራፊ ግን በፍጹም። ሽንኩርቱ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፣ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው።

ጾም የራሱ ጣጣ አለው። በሁዳዴ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ጋሼ ደግሞ 55 ቀን አይጾምም። ከቅበላ በፊት ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ በየቀኑ ልክ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲያልቅብኝ የሙስሊም ሥጋ ቤት እሄዳለሁ። እንቁላልም ቀቅዬ እሰጣቸዋለሁ።

ምግብ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ደረቁን ስታቆሙ የኢንሱሊን ፍላጎቷ በጥቂት ቀን ሊወርድ ይችላል። መጠኑ ሳይቀነስ ከቀጠላችሁ ስኳሯ አጉል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ነግራችሁ፣ እየለካችሁ፣ ቀስ በቀስ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አትቀይሩ። ዳማን ቀድሜ ቀየርኩ፣ ጋሼን ከሦስት ሳምንት በኋላ።

ሳህኑ ደግሞ በር ይኑረው። ጋሼ መኝታ ቤት፣ ዳማ ኩሽና፣ ሚጡ ሳሎን፤ በሩ ይዘጋል፣ 20 ደቂቃ። ከዚያ የተረፈው ይነሳል። ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሆነ ማን እንደበላ በጭራሽ አታውቁም፣ ያልበላችን ድመት መውጋት ደግሞ አደገኛ ነው። እንግዳንም አስጠንቅቁ። ቡና ላይ ፈንዲሻና ድፎ ዳቦ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ከጠረጴዛ ሥር ደግሞ ጋሼ አለ።

አራተኛ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት

መርፌው በየ12 ሰዓቱ ነው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ጠዋት 1፣ ማታ 1። ስልኩ ግን የፈረንጅ ነው። 7፡00 እና 19፡00 ላይ ሙሉት። አንዴ 1፡00 ላይ ሞልቼው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቀስቅሶኛል።

ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ። አንዷን ድመት ክፍሏ ውስጥ ታስገባላችሁ። ምግቧን ትሰጣላችሁ። መብላት ስትጀምር ለእሷ ብቻ ትቀዳላችሁ። ሁለት ስሪንጅ ሞልታችሁ ጠረጴዛ ላይ በጭራሽ እንዳታስቀምጡ፤ ሁለቱም ውሃ ነው የሚመስሉት። የአየር አረፋውን አስወጡ። በጎኗ ወይም በትከሻዋ መሐል ቆዳዋን በሁለት ጣት ሳብ አድርጉ፣ ድንኳን ይሠራል። መርፌውን ከድንኳኑ ሥር አስገቡ፣ ግፉ፣ አውጡ። ጸጉሯ ከረጠበ በሌላ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ደግማችሁ አትስጡ። የገባውን መጠን አታውቁትምና እስከ ማታው ተዉት። ቦታውን በየጊዜው ቀያይሩ። ስሪንጁ አንዴ ብቻ ነው፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ደግሞ በፍጹም።

ከዚያ በሩን ከፍታችሁ ወደ ቀጣይዋ።

አንድ መርፌ ቢዘለል ድመቷ አትሞትም። ሁለቴ ከተሰጠች ልትሞት ትችላለች። "ሰጥቻት ይሆን?" ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ አትስጡ። አልበላም ካለች ወይም ካስመለሳት ሙሉውን አትውጉ፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

አምስተኛ፦ ደብተርና ቀለም

ጋሼ ቀይ ነው፣ ዳማ ሰማያዊ። የአንገት ማሰሪያቸው፣ ሳህናቸው፣ የስሪንጅ ሳጥናቸው፣ የደብተራቸው ሽፋን፣ ሁሉም። ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ይህን ያደረግኩት ግን ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጋሼን ወግቶ ወጣ። አልነገረኝም፣ ደብተሩ ላይም አልጻፈም። እኔ ከሥራ ገብቼ በስልኬ መብራት ደግሜ ወጋሁት። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ጋሼ ከሶፋው ወርዶ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ጀመረ። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ማር በጣቴ ድዱን ቀባሁት። ትንሽ ሲነቃ ምግብ አቀረብኩለት፣ ደግነቱ በላ። ሐኪሙን በስልክ ይዤ እስኪነጋ በየግማሽ ሰዓቱ ስለካው አደርኩ። ማሩ ቶሎ ያልፋል፣ ኢንሱሊኑ ግን እዚያው አለ፤ ስለዚህ "ነቃ" ብሎ መተኛት የለም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ያለው ደንብ፦ መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ ውጋ። ሰው ሁሉ ተግባሩን ጨርሶ ነው ምልክት የሚያደርገው። እኛ ገልብጠነዋል። ጽፎ ረስቶ ያልወጋ ሰው አንድ መርፌ አዘለለ፣ ችግር የለውም። ወግቶ ያልጻፈ ሰው ግን ድመት ይገድላል። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የወጋው ሰው ስም፣ ዩኒት፣ የበላችው፣ በተለካ ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ ይጻፋል።

የስኳር መውረድ ምልክቱ መዛል፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባሰም መንዘፍዘፍ ነው። ማር ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ድድ ላይ ቀቡ። የምትንዘፈዘፍ ድመት አፍ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ትታነቃለች፤ ጣታችሁንም ትነክሳለች። ወዲያው ሐኪም ጋ። እኔ ኩሽና፣ መኝታ ቤትና ቦርሳዬ ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ብልቃጥ ማር አለኝ።

ተቃራኒውንም እወቁ። የማትበላ፣ የሚያስመልሳት፣ ደንዝዛ የተኛች፣ ትንፋሿ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ድመት ኪቶን (ሰውነቷ በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) በዝቶባት ሊሆን ይችላል። ያኔ "ነገ እናየዋለን" አይባልም።

ስድስተኛ፦ ደሟን ቤት ውስጥ ለኩ

የሰው የስኳር መለኪያ ይሠራል፣ ግን በድመት ደም ላይ ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ያንኑ አንድ መለኪያ ሁልጊዜ ተጠቀሙ፣ ቁጥሩንም እየለመዳችሁት ትመጣላችሁ። ጤነኛ ድመት ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ናት። መለኪያችሁ 5 ወይም 15 ካሳያችሁ በሌላው አሃድ (ሚሊ ሞል በሊትር) ነው የሚያነበው፣ በ18 አባዙት።

ደሙ የሚወሰደው ከጆሮ ጠርዝ ነው። ካልሲ ውስጥ ሩዝ አድርጋችሁ አሙቁና ጆሮዋ ላይ ያዙ፣ ደሙ ቶሎ ይመጣል። ከጀርባ ጥጥ ደግፋችሁ ጠርዟን ወጋ አድርጉ። አንዲት ጠብታ ይበቃል። ከዚያ ቁራጭ ሥጋ ስጧት። ዳማ አሁን መለኪያውን ስታይ ራሷ ትመጣለች፣ ለሥጋው።

መርፌ ሊሰጥ ሲል ከ150 በታች ካነበበ እኔ ሐኪሙን ሳልጠይቅ አልወጋም። መጠን ለመቀየርም አንድ ቁጥር አይበቃም። ሐኪሙ ሲያዝ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ ይለካል፣ ዝቅተኛው ስንት እንደደረሰ ይታያል። የሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉት። ቅዳሜ የጋሼ፣ እሁድ የዳማ። መጠን ከተቀየረ በኋላ ቢያንስ አምስት ቀን ጠብቁ፣ ሐኪሙ ካላለ በቀር።

በሳምንት አንዴ መዝኑ። ድመቷን ይዛችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ ክብደቷ ነው። የሽንት ሣጥን ለየብቻ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ሰጋቱራ ነው የምጠቀመው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ሽንቱን አጥብቆ ስለማይይዝ መጠኑን ለማየት አሸዋ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ቤት የማትሆኑ ቀን

ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ አገር ቤት መሄድ አለ። ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው መውጋት ይልመድ። ጎረቤቴ እትዬ "መርፌማ እኔ ለራሴም እፈራለሁ" ነበር ያሉኝ። ስሪንጅ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ብርቱካን አስወጋኋቸው። በሦስተኛው ቀን ጋሼን ወጉት፣ አሁን ከኔ ይበልጥ እጃቸው ቀላል ነው። የሚጠብቅላችሁ ሰው መጠን እንዳይቀይር፣ ከተጠራጠረ እንዳይወጋ፣ ማሩ የት እንዳለ፣ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ።

ያገለገለው መርፌ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ይግባ፣ ክዳኑ በፕላስተር ይታሸግ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሃይላንድ ውስጥ ከትታችሁ ጓሮ እንዳታስቀምጡ። ቁራሌው ባዶ ፕላስቲክ መስሎት ይወስደዋል፣ እጁንም ይወጋዋል።

መርፌው የዘላለም ላይሆን ይችላል። በሽታው ቶሎ ከታወቀ፣ ምግቡ ከተስተካከለና ስኳሩ በደንብ ከተያዘ፣ አንዳንድ ድመቶች ኢንሱሊን ማቆም ይችላሉ። ሐኪሙ ነው እየቀነሰ የሚያቆመው፣ እናንተ አይደላችሁም። ዳማ ገና ትወጋለች። ጋሼ ካቆመ አምስተኛ ወሩ ነው። ምግቡ ግን አልተቀየረም፣ ቀዩ ደብተርም አልተዘጋም፤ በሽታው ሊመለስ ስለሚችል በየሳምንቱ እሁድ ጆሮው ይለካል። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን አሁንም መኝታ ቤት ገብቶ በሩ እስኪዘጋለት ይጠብቃል።